በስልክ የሚመጣ ገንዘብና የገበሬው ጥንቃቄ

በሬ ሻጭ ገበያ ውስጥ ሲደራደር ገመዱን ከእጁ አይለቅም። ዋጋው ተቆርጦ፣ ብሩ ተቆጥሮ፣ ያጠራጠረውን ኖት ወደ ፀሐይ ዘርግቶ አይቶ፣ በመቀነቱ ከቋጠረ በኋላ ነው ገመዱን ለገዢው የሚያስይዘው። ይህንንም ማንም በትምህርት ቤት አላስተማረውም፤ ከአባቱ እያየ ያደገበት ነው። አሁን ግን ገዢው ከኪሱ ብር ሳያወጣ ስልኩን ነካ ነካ አድርጎ «ልኬልሃለሁ፣ ተመልከት» የሚልበት ዘመን ደርሷል። በዚህ ጊዜ ሻጩ ምን ቆጥሮና ምን አይቶ ገመዱን መልቀቅ እንዳለበት ማወቅ ይገባዋል። የዛሬው ትምህርታችን ስለዚሁ ነው።

ገበሬዎች ሆይ፣ ማንበብ የማይችል ጎረቤት ቢኖራችሁ ይህን ጽሑፍ ጮክ ብላችሁ አንብቡለት። ከሁሉ ይልቅ ጉዳዩ የሚመለከተው እርሱን ነውና።

ገንዘቡ የሚገኝበት ቦታ

ብዙ ሰው ብሩ በስልኩ ሆድ ውስጥ የተቀመጠ ይመስለዋል። አይደለም። ስልኩ ቢጠፋ ወይም ወንዝ ውስጥ ቢወድቅ ብሩ አብሮ አይሄድም። ነገሩን በዕድር ጸሐፊ መዝገብ መመሰል ይቻላል። የዕድሩ ገንዘብ በሣጥን ተቆልፎ ሳለ ጸሐፊው ከአንዱ አባል ስም 100 ብር ቀንሶ በሌላው አባል ስም 100 ብር ቢጽፍ፣ ከሣጥኑ አንድ ሳንቲም ሳይወጣ ገንዘቡ ባለቤት ለወጠ ማለት ነው። በስልክ የሚደረገውም ይኸው ነው። መዝገቡ ያለው በባንኩ ወይም በኩባንያው ዘንድ ሲሆን፣ ብሩ ራሱ በባንክ ተቀምጧል። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2012 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ባንክ ያልሆኑ ድርጅቶችም ይህን ሥራ እንዲሠሩ ሲፈቅድ፣ ከደንበኞች የተቀበሉትን ያህል ገንዘብ በባንክ እንዲያስቀምጡ ግዴታ ጥሎባቸዋል። እንግዲህ ስልኩ ለመዝገቡ ጸሐፊ ትእዛዝ የሚያደርስ መልእክተኛ ነው እንጂ ሣጥን አይደለም። የሚስጥር ቁጥሩም የባለቤቱ ፊርማ ነው።

ይህ አሠራር ለጎረቤታችን ለኬንያ ቆየት ያለ ነገር ነው። ኤምፔሳ በዚያ አገር የተጀመረው በ1999 ዓ.ም. ሲሆን፣ በመጀመሪያ የታወቀውም የከተማ ሠራተኛ በገጠር ላሉ ወላጆቹ ገንዘብ ስለሚልክበት ነው። በእኛም አገር ኤም ብርና ሄሎካሽ የተባሉት ቀደም ብለው ሥራ ጀምረው ነበር፤ በሴፍቲኔት የታቀፉ ቤተ ሰቦች ክፍያቸውን በስልክ የተቀበሉባቸው ወረዳዎች አሉ። ከዚያም ኢትዮ ቴሌኮም ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ቴሌብርን ጀመረ፤ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ደግሞ ኤምፔሳ ወደ ኢትዮጵያ ገባ። ባንኮችም የየራሳቸውን አቅርበዋል። ለዚህ ሁሉ ውድ ስልክ አያስፈልግም። በባለ ቁልፍ ስልክም ቢሆን ለምሳሌ *127# ብሎ በመደወል የቴሌብርን ሂሳብ ያለ ኢንተርኔት ማየት፣ መላክና መክፈል ይቻላል።

«ወዲያውኑ» ማለት ምን ማለት ነው?

ቀድሞ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ወይም ወደ ሁመራ የወረደ ልጅ ያገኘውን ወይ ራሱ ተሸክሞ ይመጣ ነበር፤ ወይም ለሚያምነው የአገሩ ሰው አለዚያም ለአውቶቡስ ሾፌር አደራ ይሰጥ ነበር። መንገድ ላይ የተዘረፈውን፣ ጠጅ ቤት ገብቶ ያለቀውንም እናንተው ታውቃላችሁ። በባንክ ቢልክም ከአንዱ ባንክ ወደ ሌላው እስኪደርስ ቀናት የሚፈጅበት ጊዜ ነበር። ዛሬ ትእዛዙ በተሰጠ በጥቂት ሴኮንድ ገንዘቡ በእናቱ ስም ይጻፋል፤ እሑድም ይሁን በዓል፣ ቀንም ይሁን ሌሊት ልዩነት የለውም።

በዚህ ረገድ ሁለት አገሮች የሠሩትን ማወቅ ይጠቅማል። ህንድ በ2008 ዓ.ም. ዩፒአይ የተባለውን፣ ብራዚል ደግሞ በ2013 ዓ.ም. ፒክስ የተባለውን አቋቋሙ። የሁለቱም ፍሬ ነገር አንድ ነው፤ ማንኛውም ሰው በየትኛውም ባንክ ሂሳብ ቢኖረው በሌላ ባንክ ላለ ሰው ወዲያውኑ መላክ ይችላል። ፒክስን የሚያስተዳድረው የብራዚል ማዕከላዊ ባንክ ራሱ ሲሆን፣ ግለሰብ ለግለሰብ ሲልክ ክፍያ አይጠየቅም። ስለዚህ በመንገድ ዳር ፍራፍሬ የሚሸጥ ሰው ሳይቀር ሊጠቀምበት ችሏል።

በህንድ ያለውን አንድ ነገር ግን ሳልጠቅስ ማለፍ አልወድም። በዚያ አገር ብዙ ትንንሽ ባለ ሱቆች በመደርደሪያቸው ላይ ድምፅ የሚሰጥ ትንሽ ሣጥን ያስቀምጣሉ። ገንዘብ ሲገባላቸው ሣጥኑ የገባውን መጠን በቋንቋቸው ጮክ ብሎ ይናገራል። ማንበብ የማይችለውም ይሰማል፤ በሥራ የተያዘውም ይሰማል፤ አታላዩም ሐሰት ለመናገር አይመቸውም። በእኔ አስተያየት ለገበሬው ገበያ ከሚያምር ስልክ ይልቅ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሌሎች ቋንቋዎቻችን የሚናገር እንዲህ ያለ ሣጥን ይበልጥ ይጠቅማል።

በአገራችን የተለያዩ ባንኮችን መዝገብ እርስ በርስ የሚያገናኘው ኢትስዊች ሲሆን፣ ያቋቋሙትም ባንኮቹ በጋራ ሆነው ነው። የስልክ ገንዘብ ድርጅቶችም በዚሁ መንገድ ከባንኮች ጋር እየተገናኙ ናቸው። ሥራው እየሰፋ በሄደ መጠን ገበሬው «አንተ የማን ባንክ ነህ?» ብሎ መጠየቁ ይቀራል፤ ገዢው የትም ይሁን የት ገንዘቡ ይደርሳልና።

ነገር ግን ፈጥኖ የሚሄድ ነገር ፈጥኖ አይመለስም። አደራ የተሰጠው ሾፌር ሳይነሣ ቢደረስበት «ተወው፣ ሐሳቤን ለወጥሁ» ማለት ይቻል ነበር። በስልክ የተላከ ብር ግን አንዴ በሌላ ሰው ስም ከተጻፈ ያለ ተቀባዩ ፈቃድ ማስመለስ እጅግ አስቸጋሪ ነው። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ በጥድፊያ ከስልክ ቁጥሩ መጨረሻ አንዱን አኀዝ አሳስቼ 300 ብር ለማላውቀው ሰው ልኬ ነበር። ሰውየው አንድ ጊዜ አነሣልኝ፤ ሁለተኛ ስደውል ስልኩ ዝግ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከመላኬ በፊት በስልኩ ላይ የሚወጣውን የተቀባይ ስም ሁለት ጊዜ ሳላነብ አልጫንም። እናንተም እንዲሁ አድርጉ። ስሙ የምታውቁት ሰው ስም ካልሆነ አቁሙ።

ሐሰተኛ መልእክት

በገበያ ላይ ብዙ ገበሬ የሚጎዳበት ነገር ይህ ስለሆነ ረዘም አድርገን እንመልከተው።

ገንዘብ ሲገባላችሁ ስልካችሁ ላይ አጭር መልእክት ይደርሳል። በመልእክቱ የገባው መጠን፣ የላኪው ስም፣ የክፍያው ቁጥርና ቀሪ ሂሳባችሁ ይጻፋል። ይሁንና መልእክት ጽሑፍ ብቻ ነው፤ ጽሑፍን ማንም ሊጽፈው ይችላል። አታላዩ በራሱ ስልክ «5,400 ብር ገብቶልዎታል» ብሎ ልክ የእውነተኛውን አስመስሎ ጽፎ ይልካል። ሻጩ ቁጥሩን አይቶ ደስ ይለዋል፤ እህሉም ይጫናል። ማታ ወኪል ዘንድ ሄዶ ብሩን ሊያወጣ ሲል ምንም የለም። አህያውም፣ ነጋዴውም፣ ጤፉም ሄደዋል። ሌላው ዘዴ ደግሞ ገዢው መልእክት እንኳ ሳይልክ በገዛ ስልኩ ላይ «ተሳክቷል» የሚል ሥዕል አውጥቶ ማሳየት ነው። የእርሱ ስልክ የሚያሳየው ለእናንተ ማስረጃ አይሆንም። የእርሱን ኪስ ማየት የእናንተን ኪስ አይሞላምና።

መልእክቱ 09 ወይም 07 ብሎ ከሚጀምር ከግለሰብ ስልክ ቁጥር የመጣ ከሆነ ያለ ጥርጥር ሐሰት ነው፤ ባንክም ሆነ ኩባንያ የክፍያ ማስታወቂያ ከግለሰብ ቁጥር አይልክም። ነገር ግን ላኪውን ማየት ብቻ አይበቃም። ዋናው ዘዴ መልእክቱን ትቶ መዝገቡን መጠየቅ ነው። የምትጠቀሙበትን አገልግሎት አጭር ቁጥር ደውላችሁ፣ በራሳችሁ ጣት የሚስጥር ቁጥራችሁን አስገብታችሁ ቀሪ ሂሳባችሁን ተመልከቱ። ከሽያጩ በፊት 1,200 ብር ከነበራችሁ፣ 5,400 ብር ሲጨመር 6,600 መሆን አለበት። 6,600 ካላያችሁ አልተከፈላችሁም። ስለዚህ ወደ ገበያ ስትወጡ ቀሪ ሂሳባችሁን አይታችሁ ማወቅ እንደ ሚዛን ይዞ መውጣት ይቆጠራል።

ገዢው ቢያጣድፋችሁም አትቸኩሉ። ንግግሩ ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ነው፤

«አባባ፣ ልኬልዎታለሁ እኮ፤ መልእክቱን አላዩትም?»

«አይቼዋለሁ ልጄ። ሂሳቤን እስካይ ትንሽ ታገሠኝ።»

«መኪናው ሊሄድብኝ ነው! ኔትወርክ ስለሌለ ነው እንጂ ይደርሳል።»

«እንግዲያው ኔትወርኩ እስኪመጣ እህሉም እዚሁ ይቆይ።»

ቅን ነጋዴ በዚህ አይቀየምም፤ እርሱም ቢሆን ጆንያውን ሳይከፍት፣ እህሉን ሳይዘግን አይገዛም። ኔትወርክ የለም የሚለው ነገር እውነት ሊሆን ይችላል፤ በየገበያችን የሚያጋጥም ነው። እውነት ከሆነ መፍትሔው መጠበቅ ወይም ጥሬ ብር መቀበል ነው።

ሌላም አለ። አንድ ሰው ደውሎ «በስህተት 2,000 ብር ልኬብዎታለሁ፣ እባክዎን ይመልሱልኝ» ቢል፣ በመጀመሪያ ቀሪ ሂሳባችሁን ተመልከቱ። ያልገባ ገንዘብ አይመለስም። በእርግጥ ገብቶ ከሆነም በራሳችሁ ከመላክ ይልቅ ለድርጅቱ የደንበኞች አገልግሎት ማስታወቅ ይሻላል፤ የቴሌብሩ ቁጥር 127 ነው። የእናንተ ያልሆነውን ገንዘብ ግን «ሲሳይ ነው» ብሎ መብላት አይቻልም። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የኮምፒዩተር ሥርዓት ላይ በደረሰ ችግር ብዙ ሰዎች ከሂሳባቸው በላይ ገንዘብ በአንድ ሌሊት አወጡ። ባንኩም ከመዝገቡ እያንዳንዱን ለይቶ እንዲመልሱ ጠየቀ፤ ያልመለሱትንም ስማቸውን ለሕዝብ አወጣ። ይህ መዝገብ አይረሳም።

ሽልማት ደርሶሃል፣ ሂሳብህ ሊዘጋ ነው፣ የመጣልህን ቁጥር ንገረኝ እያለ የሚደውል ሰው ደግሞ ማን ነኝ ቢል ሌባ ነው። የባንክ ሠራተኛ የሚስጥር ቁጥር አይጠይቅም።

ጥሬ ብር ማውጣትና ወጪው

አንዳንድ ገበሬ ገንዘቡ በስልክ እንደገባለት ወዲያው ሁሉንም ወኪል ዘንድ ሄዶ ያወጣዋል። በእጁ ያልጨበጠውን አያምንምና አይፈረድበትም። ነገር ግን ሲወጣ የአገልግሎት ክፍያ አለ፤ በገበያ ቀንም ወኪሉ ዘንድ በቂ ጥሬ ብር ላይገኝ ይችላል፤ መንገዱም አለ።

ለሂሳብ ያህል አንድ ገበሬ ስንዴ ሽጦ 50,000 ብር በስልክ ተቀበለ እንበል። ለማዳበሪያና ለዘር 18,000፣ ለልጆች ትምህርት ቤት 6,000፣ ለባለ ሱቅ ዕዳ 2,500 ብር አለበት። እነዚህ ሦስቱ በስልክ የሚቀበሉ ከሆነ 26,500 ብር ጥሬ ሳይሆን ይከፈላል። ለሳምንቱ አስቤዛ 3,000 ብር ቢያወጣ ክፍያውን የሚከፍለው በ50,000 ሳይሆን በ3,000 ላይ ብቻ ነው፤ 20,500 ብርም በስሙ ይቀመጣል። የዚህ አገልግሎት ጥቅም የሚታየው ተቀባዩም ከፋዩም በዚያው ሲገበያዩ ነው። ስለዚህ የኅብረት ሥራ ማኅበር ሥራ መሪዎች፣ ወፍጮ ቤቶችና ባለ ሱቆች በስልክ መቀበል እንዲጀምሩ ገበሬው መጠየቅ ይገባዋል። ሁሉም ጥሬ ብር ብቻ የሚፈልጉ ከሆነ ግን የስልኩ ገንዘብ ለገበሬው አንድ ተጨማሪ ወጪ ከመሆን አያልፍም።

ብድርን በሚመለከት

ቴሌብር ከዳሸን ባንክ ጋር ሆኖ በ2014 ዓ.ም. ማለቂያ ላይ በስልክ ማበደርና ቁጠባ መቀበል ጀመረ፤ ሌሎች ባንኮችም ተከተሉ። ለማስያዣ የሚሆን ቤት የሌለው ሰው ባለፈው ወራት በስልኩ ያስገባውና ያወጣው ገንዘብ ታይቶ ሊበደር ይችላል። ይህ ለገበሬው መልካም በር ነው። ስንዴውን፣ ወተቱን፣ ቡናውን በስልክ የሸጠ ገበሬ ምን ያህል እንደሚያገኝ የሚመሰክርለት መዝገብ አገኘ ማለት ነውና።

ሆኖም የእርሻ ዓመትና የስልክ ብድር ዓመት አንድ አይደሉም። እንዲህ ያለው ብድር ብዙውን ጊዜ በአጭር ጊዜ የሚመለስ ነው፤ የታሰበውም ዕለት ዕለት ለሚሸጥና ለሚገዛ የከተማ ነጋዴ ነው። ገበሬው ገንዘብ የሚያስፈልገው በግንቦትና በሰኔ ነው፤ ገንዘብ የሚያገኘው ደግሞ በኅዳርና በታኅሣሥ። በሰኔ 4,000 ብር ተበድሮ በሐምሌ መልስ ቢባል ሐምሌ ጎተራው የሚሟጠጥበት ወር ነው። ወይ በግ ይሸጣል፣ ወይ ለዘር ያስቀመጠውን ይበላል፣ ወይም ከሌላ ተበድሮ ይከፍላል። ወጪው በወር ከመቶ 5 ነው ብንል በ4,000 ብር ላይ በወር 200፣ በ6 ወር 1,200 ብር ይሆናል። ስለዚህ በአጭር ጊዜ የሚመለስ ብድር ለዶሮ እርባታ፣ ለወተት፣ ለሳምንታዊ የአትክልት ሽያጭ ሊስማማ ይችላል፤ ለማዳበሪያ ግን አይስማማም። ስልኩ «ይፈልጋሉ?» ብሎ ስለጠየቀ ብቻ «አዎን» የሚለውን አትጫኑ። አበዳሪዎችም በመኸር የሚከፈል ብድር እስኪያዘጋጁ ድረስ የልማት ሠራተኞች ይህን ልዩነት ለገበሬው ማስረዳት አለባቸው።

የቤተ ሰብ ጉዳይ

ሲሙ በራሳችሁ ስም የተመዘገበ ይሁን። በወንድም ወይም በጎረቤት ስም የወጣ ሲም ሲጠፋ ምትክ የሚሰጠው ለተመዘገበው ሰው ነው፤ ገንዘቡንም የሚያዘው ምትኩን የያዘው ነው።

ቅቤና እንቁላል የምትሸጠው ሴት እስካሁን ብሯን በጫፏ ቋጥራ ጨውና በርበሬውን፣ የልጆቹንም ደብተር ትገዛበት ነበር። ገዢው በስልክ እከፍላለሁ ሲል በቤቱ ያለው ስልክ የባልየው ብቻ ከሆነ፣ የእርሷ ገንዘብ ሳይታወቅ ወደ እርሱ ገባ ማለት ነው። ባልየው ክፉ ሰው ላይሆን ይችላል፤ ግን በየሳምንቱ የራሷን ገንዘብ እየለመነች ልትቀበል ነው። በባለ ቁልፍ ስልክም ቢሆን ለእርሷ የራሷ ሲምና የራሷ ሂሳብ መኖሩ ለቤቱ ይበጃል። ደግሞም ባልና ሚስት አንዱ ሌላው የት የት ሂሳብ እንዳለው ማወቅ አለባቸው። አንዱ ድንገት ቢሞት ወራሾቹ ወራሽነታቸውን በፍርድ ቤት አስመስክረው ገንዘቡን መጠየቅ ይችላሉ፤ መኖሩን ካላወቁ ግን ምን ብለው ይጠይቃሉ?

ለልማት ሠራተኞች

የገበሬን የሚስጥር ቁጥር በማስታወሻችሁ አትያዙ። ገበሬው አምኗችሁ «አንተው ያዝልኝ» ቢላችሁም እምቢ በሉ። ገንዘብ የጎደለ ቀን በቅንነት የያዛችሁትና በተንኮል የያዘው ሰው አይለዩም።

ትምህርቱም እንደ ማሳ ሠርቶ ማሳያ ይሁን። ስለ ማዳበሪያ መስመር ተናግረን ብቻ እንደማንመለስ ሁሉ ስለዚህም ተናግረን ብቻ መመለስ አይበቃም። 10 ያህል ገበሬዎችን፣ ከእነርሱም ውስጥ ሴቶችን ጨምራችሁ፣ ኔትወርክ ባለበት ዛፍ ሥር ሰብስቡ። እያንዳንዱ የራሱን ስልክ በራሱ እጅ ይያዝ። እናንተ ተቀብላችሁ የጫናችሁለት ሰው አልተማረም። ፊደል የማያውቅ ገበሬ አኀዝን አብዛኛውን ጊዜ ያውቃል፤ የብር ኖት ለይቶ የሚገበያይ ሰው ነውና ከአኀዙ ጀምሩለት። በመጀመሪያ ቀሪ ሂሳቡን አይቶ ጮክ ብሎ ይናገር፤ ሌላው ሰው እንዳያይበት የሚስጥር ቁጥሩን እጁን ከልሎ ማስገባትን ይልመድ። ከዚያ አንዱ ለሌላው 5 ብር ይላክ፤ ተቀባዩም መልእክቱን ሳይሆን ሂሳቡን አይቶ «ደርሶኛል» ይበል።

በሦስተኛው ዙር እናንተ ራሳችሁ ከእርሻው ጥግ ሆናችሁ በስልካችሁ ሐሰተኛ መልእክት ጽፋችሁ ለአንደኛው ላኩ፤ «800 ብር ገብቶልዎታል» በሉ። ማን እንደሚታለልና ማን ሂሳቡን እንደሚያይ ሁሉም ይመልከት። የተታለለውን አታሳፍሩት፤ ስልኩን ተቀብላችሁ መልእክቱ ከማን ቁጥር እንደመጣ ለሁሉም አሳዩ፣ ከዚያም እርሱው ሂሳቡን ከፍቶ ይፈልግ። በማግስቱ ገበያ ላይ የሚያስታውሰው ይህን ነው። ለሙከራ የተላከውም 5 ብር ለባለቤቱ ይመለስ፤ ሲመለስም የተቀበለው ገበሬ ስሙን አንብቦ ወይም አስነብቦ በራሱ ጣት ይላከው።